ከአንገት ያልወረደው ቁልፍ

ኧረ ሆዴን! ኧረ ያዙኝ! ቆይ፣ ልሳቅና ይውጣልኝ። ዋናው ገና መጨረሻው ላይ ነው፤ እሱን ስትሰሙ እናንተም እንደኔ ሆዳችሁን ትይዛላችሁ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ትንሿ ከተማችን የቧንቧ ውሃ ካገኘች አራት ዓመቷ ነው። ታንከሩ ኮረብታው ላይ ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ ግን ፓምፑ ይቆምና እንደ ድሮው ወንዝ እንወርዳለን። ጎረቤቴ አቻምየለሽ የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችው ያን የወንዝ ውሃ ጠጥቶ ታሞባት ነው።

እናላችሁ ከዞን ወሬ መጣ። ገምጋሚ ይመጣል፤ ውሃችሁን ከክፉ ሰው እንዴት እንደምትጠብቁ ያያል፤ ደህና ከሆናችሁ ጀኔሬተር ታገኛላችሁ፤ ካልሆናችሁ ለሌላ ከተማ ይሄዳል ተባለ።

ከተማው ተነሣ። ታንከሩ ታጠረ። ቻላቸው ዘበኛ ሆነ፤ ድመት ስታልፍ እንኳ «ማነሽ?» የሚል ሰው ነው። የታንከሩን ክዳን ቁልፍ ለአቻምየለሽ ሰጧት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ ማለች፦ «ለማንም አሳልፌ አልሰጥም!» ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ስትታጠብም አታወርደው፣ ስትተኛም አታወርደው።

ከዚያ ነጭ መኪና ስንጠብቅ ከረምን። ገምጋሚ በነጭ መኪና፣ ደብዳቤ ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል?

መጋቢት ሃያ አንድ ቀን ነው። ጠዋት ቦኖው ላይ ሰልፉ ረዝሟል። አንድ ጋቢ የለበሱ እንግዳ ሽማግሌ ከኋላ ቆመው ብናይ «አባባ፣ ኧረ ይለፉ!» ብለን አስቀደምናቸው። ቀድተው፣ መርቀውን ሄዱ።

አንድ ሌላ ሰውዬ ያየነውም ያኔ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ደብተር ይዟል። እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ እንዴት አደራችሁ የለ። በእግሩ ኮረብታውን ወጣና አጥሩን እየዞረ ርምጃ ይቆጥር ጀመር። ደግሞ ፎቶ ያነሣል።

አቻምየለሽ ተከትላው ወጣች። እኔም ዘነዘናዬን ከቤት አንሥቼ ከኋላዋ።

«አንተ! ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እዚህ ድረስ ወጥቶ ይፈለጋል? እቤትህ የለም?»

ሰውዬው አልሳቀም። «ዘበኛው ምሳውን ስንት ሰዓት ነው የሚበላው?» አለ።

«ምነው፣ ልታጎርሰው ነው?»

ቻላቸው ፊሽካውን ነፋ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቦርሳው ሲፈተሽ ትንሽ ብልቃጥ፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት! «መርዝ! መርዝ!» ተባለ። ሰውዬው ግን አልደነገጠም። የእጅ ሰዓቱን አየና ፈገግ አለ።

«ጓደኛ አለው» አለ ቻላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብቻውን የመጣ ሰው እንዲህ አይስቅም። ሌላም ይመጣል፤ ዓይናችሁን ክፈቱ!»

ጎረምሶቹ ቀበሌ ወስደው ቆለፉበት። እኛ ታንከሩን ከበን ቀረን። ዝንብ አናሳልፍም!

ትንሽ ቆይቶ ጠዋት የመረቁን ሽማግሌ ቢጫ ጀሪካን አዝለው ዳገቱን እያለከለኩ መጡ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ዛሬ ሰው አናሳልፍም» አለ ቻላቸው። «ውሃችንን ሊመርዝ የመጣ ሰው ይዘናል።»

ሽማግሌው አማተቡ። «እሰይ፣ ጠብቁ ልጆቼ! እኔስ የማርያም ስለት ኖሮብኝ ነበር። ጠበሏን ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ላይ ላፈስ ተስዬ . . . ይሁን፣ ከከለከላችሁኝ ልመለስ።»

ልመለስ ሲሉ አንጀቴን በሉት።

«ስለት ይመለሳል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። «ያውም በሃያ አንድ! መርዝ በመጣበት ቀን ጠበል መምጣቱ እንዲያው በከንቱ ነው?»

ሁሉም ወደ አቻምየለሽ ዞረ። እሷ ቁልፉን ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። «ምያለሁ፤ ለማንም አልሰጥም» አለች። ሽማግሌውን አየች፣ ጀሪካኑን አየች። «አልሰጥም! እኔው ራሴ እከፍታለሁ እንጂ!»

መሰላሉን ወጣች። ክሩን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ አፍንጫዋ ክዳኑን እስኪነካ ጎንበስ ብላ ከፈተችው። ቻላቸው ጀሪካኑን ተሸክሞ አወጣላቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሱት። እልልታችን እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ከዚያ ያን ክፉ ለፖሊስ ልናስረክብ ቀበሌ ወረድን። በሩ ሲከፈት ሰውዬው ከካልሲው ውስጥ ማህተም ያለበት ወረቀት አወጣ። የሽዋስ ይባላል፤ ከዞን የተላከ ገምጋሚ ነው። ነጩ ዱቄትም ውሃ መመርመሪያ ነው።

ዘነዘናዬን ከቀሚሴ ኋላ ደበቅኩ። አቻምየለሽ ጮኸች። «አለቀልን! ጀኔሬተሩ ሄደ!»

የሽዋስ ግን ሳቀ። «ኧረ ጎበዞች! አሥራ ሁለት ደቂቃ! እስካሁን ካየኋቸው ከተሞች እንደናንተ ፈጥኖ የያዘኝ የለም» አለና ቅጹ ላይ «አልፈዋል» ብሎ ጻፈ።

አቻምየለሽ ቁልፉን እየሳመች አለቀሰች። ቻላቸው ፊሽካውን ነፋ። በዚህ መሐል ሽማግሌው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አባባ፣ ይግቡ! በጠበልዎ ነው ያለፍነው!» ብለን ተነሣን።

የሽዋስም ብድግ አለ። ወንበሩን ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ተቀመጡ፤ ከጋቢያቸው ሥር መነጽር አወጡና ቅጹን ረጋ ብለው አነበቡ። ከዚያ ቅጹን ለየሽዋስ መልሰው ሰጡትና እንዲህ አሉ፦

«ሰርዘው። አንተንስ ያዙህ፤ እኔን ግን ጀሪካኔን ተሸክመው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ እልል ብለው ነው ያስፈሰሱኝ፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝና፣ ከራሳቸው ቦኖ የቀዳሁት ውሃ ባይሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ ከተማ ለቅሶ የሚደርስ እንኳ አይተርፍም ነበር።»