ቀጥ ያለው ስፌት

የሰናይት ምጥ በሰባተኛ ወሯ ሲመጣ፣ ልብስ ሰፊው አባቷ ደምሰው «እኔ እሸከምላታለሁ» ብሎ ፈረመ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው መድኃኒት ምጥን አያጠፋም፤ ከእናቲቱ አንስቶ ፈቃደኛ ዘመድ ላይ ይጥለዋል እንጂ። ፅንሱ ቀኑን እስኪሞላ ድረስ ሁለቱም በየማለዳው አንድ አንድ ክኒን ይውጣሉ።

ስምንት ሳምንት ሙሉ ምጡ ወገቡን ቆርጦ ሲይዘው፣ ደንበኞቹ «ማርያም፣ ማርያም!» ይሉለት ነበር። ለሕፃኑ የሚሰፋው ማቀፊያም ምጡ በመጣ ቁጥር ስፌቱ እየተጣመመ እዚህ ደርሷል።

ዛሬ ግን የመጨረሻውን ጠርዝ ሰፍቶ ሲያየው ቀጥ ብሏል። ግራ ገባው። ክኒኑን እንደሆነ ውጧል። ወገቡን ዳበሰ፣ ሆዱን ጫን ጫን አደረገ፤ ምንም የለም። እፎይ ይበል ወይስ ይጩህ? ለሰናይት ደወለ።

«ሰኒ፣ ምጤ ጠፋብኝ! ልጁ ደህና ነው?»

«አባዬ፣ ቀኑ ሞላ እኮ» አለች ሰናይት እያለከለከች። «ሐኪሙ አቁሚ ስላለኝ የእኔን ክኒን አልዋጥኩም። አሁንማ የራሴ ነው።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ እንቢ ትለኝ ነበራ!»

ወዲያው ጩኸቷ ስልኩን ሞላው። ደምሰው እንደለመደው የስፌት መኪናውን ጠርዝ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ሕመሙ ግን አልመጣለትም።