በአንደኛ ማርሽ

ዊልማር ሞተሩን ለታናሽ እህቱ ለማሪሴላ ሰጠ ሲባል በሰፈሩ ያመነ አልነበረም። ያንን ጥቁር ባለ ስድስት መቶ ሲሲ ሞተር ሰው ሲነካበት የሚያመው ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ማሪሴላ ሳታስፈቅደው ላዩ ላይ ወጥታ ፎቶ ብትነሳ ሳምንት ሙሉ አኩርፏት ነበር።

አሁን ከሆስፒታል ሲመለስ ግን ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ጀርባዬን ነው። ሐኪሙ ሞተር አትንዳ ብሎኛል» አለ።

«የምርህን ነው?»

«ንጂው። ግን እኔ እንዳልኩሽ ብቻ።»

«እሁድ እሁድ ከሞተር ክለቡ ጋር ልወጣ?»

«ከክለቡ ፊት ትሄጃለሽ» አላት።

ማሪሴላ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኝ የኖረችው አንድ ነገር ነው፦ እሁድ ጠዋት የክለቡ ሞተሮች ተሰልፈው ወደ በረዶው ተራራ ሲወጡ፣ ወንድሟ ወገብ ላይ ተጣብቃ ሳይሆን ራሷ መሪ ይዛ መሄድ። ያን ቀን ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ከተማቸው ማኒሳሌስ ሜዳ የሚባል ነገር የላትም፤ መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሞተሩ ደግሞ ለጀማሪ የሚራራ ዓይነት አይደለም። አጎንብሰው ነው የሚነዱት፤ የእጅ አንጓ ያዝላል፣ ሙቀቱ ጭን ይለበልባል፣ ነዳጁን ነካ ሲያደርጉት ይፈተለካል። ማሪሴላ በመጀመሪያው ቀን እደጃፋቸው ላይ ጣለችው። ጎኑ ተላጠ። ጩኸት ስትጠብቅ ዊልማር የተላጠውን አየት አደረገና፣ «ምንም አይደል። አንሺውና እንደገና» አላት።

ትምህርቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ የለም። በአንደኛ ብቻ፣ ፍሪሲዮኑን በጣት እያባበሉ፣ የኋላ ፍሬን በስሱ እየረገጡ፣ በእግረኛ ፍጥነት መሄድ ነው። ዊልማር ከዘራውን ይዞ ከኋላዋ ይራመዳል። ትንሽ ፈጠን ካለች ይጮኻል።

«ጥለሽኝ ሄድሽ!»

ትቆማለች። ይደርስባታል። እንደገና ይጀምራሉ።

መንገዱም ሁልጊዜ ያው ነው። ከቤት እስከ ቤተክርስቲያኑ፤ እዚያ ቆም ይሉና ዳገቱን ይዘው እስከ ላይ።

«ሌላ መንገድ የለም እንዴ ከተማው ውስጥ?» አለችው አንድ ቀን።

«ይሄን ከቻልሽ ይበቃሻል። ፈጥኖ መንዳትማ ማንም ይነዳዋል፤ ሞተሩ ራሱ ቀጥ አድርጎ ይይዝሻል። ቀስ ሲሉ ነው የሚጥለው።»

የክለቡ አባል ኤልኪን በመንገድ ሲያገኛቸው ሳቁ መጣ። «ማሪሴላ! ያቺ ዶሮ ቀደመችሽ እኮ፣ መንገድ ልቀቂላት!» አላት። ዊልማር ጠጋ ብሎ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ከዚያ ወዲያ ኤልኪን ሲያያቸው አይቀልድም፤ አንገቱን አቀርቅሮ ያልፋል። ማሪሴላ ወንድሟ የተቆጣው መሰላት።

«ቅናት ነው» አለቻት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዶኛ ኔሊ። «እሱ አልቻለም፣ ማንም አይችልም! ቆይ፣ መሸጡ አይቀርም፤ አንቺም በቀንድ አውጣ እርምጃሽ ትቀሪያለሽ።»

ማሪሴላ ነገሩ ከነከናት። እናቷ እንኳ፣ ያንን ሞተር የዲያብሎስ በቅሎ እያሉ ሲረግሙ የኖሩት ዶኛ ኦፌልያ፣ አሁን ጭራሽ «እሱ እንዳለሽ አድርጊ፣ ልጄ» ብቻ ሆነ ነገራቸው። ዊልማር ማዕድ ላይ የበቆሎ ቂጣውን፣ አሬፓውን፣ ሳይነካው ይነሳል። ጃኬቱ ሰፍቶት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሞተር የተከለከለ ሰው ምግብ ቢያስጠላው አይገርምም፤ ማሪሴላም ታዝንለታለች፣ ንዴቷ ግን ከሐዘኗ ይበልጥ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ አላስቻላትም። ሁለተኛ አስገባች፣ ሦስተኛ አስገባች፣ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣች። ነፋሱ ደረቷን ሲመታት በሄልሜቷ ውስጥ ብቻዋን ጮኸች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ስትመለስ ዊልማር ዳገቱ መሃል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ አመድ ለብሷል። እስኪናገራት አልጠበቀችም፤ እሱም መናገር የሚችል አይመስልም ነበር።

«ምቀኛ ነህ!» አለችው ሄልሜቷን ሳታወልቅ። «አንተ ስላልቻልክ እኔም እንዳልችል ነው የምትፈልገው!»

ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ደስ አለሽ?»

«አዎ!»

«ደስ ይላል አይደል?» አለና ወደ አውራ ጎዳናው አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «በይ፣ አሁን ከታች እንጀምር።»

ማሪሴላ በንዴት እያለቀሰች ከታች ጀመረች።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ተሳካላት። ዊልማር ያን ቀን ዳገቱን አልሞከረውም፤ ቤተክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። እሷ እስከ ላይ ወጥታ ተመለሰች። አልተንገጫገጨችም፣ እግሯን መሬት አላስነካችም።

«ሰማሁሽ» አላት። «እንደሱ ነው። በቃ፣ ከዚህ በኋላ እንደፈለግሽ ንጂው።»

«ታዲያ ከክለቡ ጋር መቼ ነው የምወጣው?»

«ኤልኪን መጥቶ ይነግርሻል።»

እጁን ሄልሜቷ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ማሪሴላ ሲደገፋት እንዴት እንደቀለለ ገረማት፤ ይቅርታ ልትለው አሰበችና አፈረች። ማታ እለዋለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማሪሴላ የክለቡን ሞተሮች በሙሉ አስከትላ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እግሯ አንዴም መሬት ሳይነካ ዳገቱን ወጣች፤ ልክ ከኋላዋ ኤልኪንና ሦስት ጓደኞቹ የዊልማርን የሬሳ ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው ይከተሏት ነበር።