በእናቴ እግር

የስኳር በሽታ የአባቴን እግሮች ሲያደነዝዛቸው፣ ሐኪሞች በእናቴ ፈቃድ የእግሮቹን ስሜት ወደ እሷ እግሮች አዞሩት። እሱ ቆሞ ሲያስተምር ይውላል፤ ማታ እግሯን የምታሸው እሷ ናት። «ለጤናህ ሰፊ ጫማ አድርግ» ሲባል አሻፈረኝ ይል የነበረ ሰው፣ አሁን «እሷን ያማታል» ብሎ ድንጋያማ መንገድ አይረግጥም።

ትናንት እናቴ ወጥ እያማሰለች ድንገት አነከሰችና ደወለችለት።

«አንተ፣ ግራ ጫማህ ውስጥ ጠጠር ገብቷል፤ አራግፈው!»

ቤት ገብቶ እግሩን ሊታጠብ ሲነክር ደግሞ ከጓዳ ጮኸች።

«ኧረ ፈጀኝ! ቀዝቃዛ ጨምርበት!»

ደንግጦ ጨመረ። ታጥቦ ሲጨርስ ጣቶቹን በፎጣ አንድ በአንድ፣ በመሃል በመሃላቸው ሳይቀር፣ ቀስ ብሎ ማድረቅ ጀመረ። እናቴ በሳቅ ፈነዳች።

«ተው፣ ኮረኮርከኝ!»

አባቴ ፎጣውን እንደያዘ ሳቋ እስኪያልቅ አዳመጠ። ከዚያ ሁለተኛውን እግሩን አነሳ።