የዶክተሩ ምላስ

በአፋር በረሃ፣ ዶክተሩ ቅሪተ አካልን ከተራ ድንጋይ የሚለየው በምላሱ ነበር። ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ ተራ ድንጋይ ግን አይጣበቅም። ተመራማሪዋ ዘሃራ ያመጣችለትን ሁሉ ላስ ያደርግና ያልተጣበቀውን "ድንጋይ ነው" ብሎ ይወረውረዋል። የተጣበቀውን ደግሞ እሱ እንዳገኘው አድርጎ ያስመዘግበዋል።

ዛሬ ጋዜጠኞች በመጡበት ነጣ ያለ ድቡልቡል ነገር ሰጠችው። ላሰው፤ ተጣበቀ። እርግጠኛ ለመሆን አገላብጦ ደጋግሞ ላሰው።

"እውነተኛ ቅሪተ አካል ነው" አለ ፊቱ በርቶ። "ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ በስሜ ይጠራል።"

"ጻፋችሁት?" አለች ዘሃራ ወደ ጋዜጠኞቹ ዞራ።

"ጽፈናል። የምን እንስሳ ነው?"

"የጅብ ነው" አለች ዶክተሩን ቀድማ።

"የቱ አጥንቱ ነው ታዲያ?"

"አጥንቱስ አይደለም" አለች፣ የውሃ ኮዳዋን ለዶክተሩ እያቀበለች። "አጥንት ሲቆረጥም ያደረ ጅብ በማግስቱ የተጸዳዳው ነው። ዶክተር፣ ይጉመጥመጡበት።"