እናት ሴል

መምህር ጀብሪል ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሣለ፤ ከሥሩም ሁለት።

«አንዷ ሴል ስትከፈል ሁለት ትሆናለች። ሁለቱም ቁርጥ እሷን!» አለ።

ፋንቱ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ጓድ መምህር፣ እናቲቱስ የት ትሄዳለች?»

«ሞተች አይባልም» አላት ጥቂት አስቦ። «ብቻ፣ እሷ የምትባል አትኖርም።»

ትምህርት ሲያልቅ ከመርሳ ገበያ ጀርባ ወዳለው የኪራይ ቤቱ ዘገም እያለ ሄደ። አብሮት የሚኖረው መምህር ከዘመተ ወዲህ ራቱን ብቻውን ነው የሚበላው። አከራዩ እትዬ ሁሪያ ትሪውን ባቀረቡለት ቁጥር «ውይ ልጄን፣ ብቻህን! አላህ ጓደኛ ይስጥህ» ይሉታል። ትናንት ከልቡ «አሚን» ብሏቸው ነበር።

ዛሬ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ገፋ አድርጎ አየ። ትሪው ቀርቧል። ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ቁርጥ እሱን ናቸው፤ የእሱን ኮት ለብሰዋል፤ የሁለቱም እጅጌ ጠመኔ ነክቶታል። አንዱ ሌላውን ያጎርሰዋል።

እትዬ ሁሪያ የእጅ ውሃ ይዘው ወደ በሩ መጡ።

«እትዬ» አላቸው።

እሱን አልፈው መንገዱን ግራ ቀኝ አዩ።

«ነፋስ ነው፤ ማንም የለም። ብሉ፣ ልጆቼ» አሉና በሩን ዘጉት።