መርዶ በምሽት አይነገርም

ማታ ሳተላይቱ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ያዘ፤ እጅግ ሩቅ ሰማይ ላይ አንዲት ግዙፍ ኮከብ ሞታለች። የምድር ጣቢያው ተረኛ ሠራተኛ ሥራው አንድ ነበር፤ ብርሃኗ ሳይከስም የሞተችበትን ቦታ ለዓለም ቴሌስኮፖች ወዲያው ማሳወቅ። እሱ ግን ለማንም ትንፍሽ ሳይል አደረ።

«ለምንድን ነው ያላሳወቅኸው?» ብለው አለቃው ጠዋት እንደገቡ ጮኹበት።

«መርዶ በምሽት እንዴት ይነገራል፣ ጋሼ? ያውም ዘመድ ሳይሰበሰብ!»

«የምን ዘመድ ነው የምታወራው? ከሞተች እኮ ሰባት ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል!»

«ይህን ያህል ተደብቆ ከኖረ፣ እስኪነጋ ቢቆይ ምን አለበት?»

አለቃው ራሳቸውን ያዙ። «ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሞት እንደተሰማ ወዲያው ይነገራል። ገባህ?»

ተረኛው አንገቱን ደፋ። ወዲያው በሩ ተከፈተና የመሥሪያ ቤቱ ዕድር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀስ እያሉ ገቡ።

አለቃው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጭራሽ ለኮከብ ሽማግሌ ጠራህ?»

ተረኛው ወንበር ሳበላቸው።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ። ማታ የእናትዎ ጎረቤት ከደብረ ታቦር ደውለው ነበር።»