አባል ላልሆነ ሰው

«እኮ ከምኑ ላይ ነው የምትቆርጠው?» አለች መይሙና፣ አፏን ወደ መስታወቱ ቀዳዳ አስጠግታ። ልጁ የሰማት ስላልመሰላት ድምጿን ጨመረች። ባንክ ቤቱ ሙሉ ሰማት።

«እናቴ፣ እኔ አይደለሁም የምቆርጠው» አለ ገንዘብ ከፋዩ። ደረቱ ላይ ስሜነህ የሚል ባጅ ለጥፏል፤ አነጋገሩ ወደ ጎጃም ያደላል። «የባንኩ ደንብ ነው። እዚህ ሂሳብ የሌለው ሰው ቼክ ሲመነዝር መቶ ሃያ ብር ይከፍላል። ሂሳብ ላለው ነፃ ነው። ከፈለጉ በፋይዳ መታወቂያዎ አሁኑኑ ልክፈትልዎት።»

የመይሙና ስም ባንክ ቤት ገብቶ አያውቅም። ወለድ ሐራም ነው ብላ ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ስም ዛሬ ልታስደፍር? መቶ ሃያው ይቆረጥ እንዳትል ደግሞ ገንዘቡ የሷ አይደለም፤ የቅሬው ነው። ለቅሶም ሠርግም ሲመጣ አብሮ የሚቆመው የሰፈሩ ቅሬ፣ ድንኳኑን የክረምቱ ንፋስ ከቀደደበት ወዲህ ባዶ እጁን ቀርቷል። ሽንኩርት ነጋዴው ዒምራን፣ ያሳደገው ሰፈር አሳዝኖት፣ «ድንኳን ግዙበት» ብሎ የሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ቼክ ጻፈ። ቼኩ በመይሙና ስም የወጣው ገንዘብ ያዥ ስለሆነች ነው። ገንዘብ ያዥ የሆነችውም በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሳንቲም ስላልጎደለባት ነው።

ድንኳን ሻጩ «ሠላሳ ስድስት ሺህ ብሩን ሙሉውን እጄ ካላስገባሁ ድንኳኑን አልሰጥም» ብሏል። እሑድ የቅሬው አባል የጀዊሪያ ልጅ ታገባለች፤ የቆቦ ፀሐይ ደግሞ ሙሽራ ናት ብሎ አይራራም። መቶ ሃያዋን ተበድሮ መሙላት ይቻል ነበር። ለመይሙና ግን አማና አደራ ነው፤ የተነካካ አደራ ደግሞ ቢሞላም የጎደለ ነው። እሷ እንዲህ ናት።

«ስማ ልጄ» አለች። «ይህ ፎቅ ሳይቆም እዚህ ቦታ ማሽላ ነበር፤ እኔ ነኝ ወፍ የጠበቅሁት። ዛሬ እኔን ባዳ ብላችሁ ታስከፍሉኛላችሁ? ለራስ ሰው በነፃ፣ ለሌላው በብር! እንዲህ ያለውን ሕግ ከየት አገር አመጣችሁት?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ከጎብዬ የመጡት አዛውንት ገበሬ አቶ እሸቴ «እውነቷን ነው!» ብለው ከኋላ አገዟት። መይሙና ልቧ ሞቀ።

ስሜነህ ግን አተኩሮ ያያት ጀመር።

«እናቴ፣ የቅሬው ዕቃ ቤት ቁልፍ እርስዎ ጋ አይደል?»

«እኔ ጋ ነው። ምነው?»

«ባለፈው ጥር ልጄን ክርስትና ሳስነሳ ትልቁን ድስትና አርባ ሳህን ከእርስዎ ወስጄ ነበር።»

«የቱን ድስት?»

«አንድ ጆሮ የሌለውን።»

ሰውዬውን አላስታወሰችውም፤ ድስቱን ግን አስታወሰች። «አዎ፣ አጥባችሁ ነው የመለሳችሁት» አለች፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ እየከነከናት።

«ሁለት መቶ ብር ተቀብለውኛል። ‹ለአባል በነፃ ነው፤ አባል ላልሆነ ኪራይ አለው፤ ደንብ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም› ብለው።»

ሰልፈኛው ሁሉ ወደ መይሙና ዞረ።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አሉ አቶ እሸቴ፣ ወዲያው ከድተዋት።

መይሙና ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሻሿ እስኪንሸራተት ሳቀች፣ መስታወቱን በመዳፏ እየመታች ሳቀች። «ወላሂ ብያለሁ! ወላሂ እኔው ነኝ ያልሁት!» ስሜነህም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ማኅተሙን ከጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ሳቋ በረድ ሲል አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ለመሆኑ የዚያን ለት ማን መጣላችሁ?»

«ከመሥሪያ ቤት አምስት ስድስት ሰው። አርባውን ሳህን እንኳ አልጨረስነውም» አለ፤ ፈገግታው አልጠፋም፣ ግን አነሰ።

መይሙና አፈረች። ሳህኑን ሲወስድም ሲመልስም ቆጥራለች፤ ሰው አላችሁ ወይ ብላ ግን አልጠየቀችም።

«ወለድ የማይነካው አላችሁ?» አለች ድንገት።

«ከወለድ ነፃ የሆነ አለን እንጂ!»

«እንዲያ ከሆነ ክፈትልኝ። እኔም እከፍትልሃለሁ።» ከዘንቢሏ የቅሬውን ደብተር አወጣች። «መግቢያው ሁለት መቶ ብር ነው። እሱን በጥር ከፍለሃል፤ ለቅሬው ሴቶች እኔ እነግራለሁ።» አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልታጠፈ ደንብ ባንክ ቤት ባንኮኒ ላይ ታጠፈ።

«ሙሉ ስም?» አላት፣ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ።

«መይሙና ሰዒድ ዓሊ። ያንተስ?»

«ስሜነህ ውቤ አየለ። ስልክ?»

እሱ ሲጽፍ እሷ ስትጽፍ ሰልፉ ቆሞ ጠበቀ። አንድም ሰው አላጉረመረመም፤ እንዲያውም አቶ እሸቴ መነጽራቸውን አውሰዋታል።

ሠላሳ ስድስት ሺህ ብሩ ወጣ። መይሙና ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፤ ሙሉ ነው። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ዘንቢሏ ውስጥ ከታ ልትሄድ ስትል ደብተሩ ላይ አንድ ክፍት ቦታ አየች።

«ተጠሪ ቀርቶሃል። ክፉም ደግም ቢገጥምህ፣ እዚህ አገር ለማን ይነገርልህ?»

ስሜነህ ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። «እዚህ እንኳ… ማንም የለኝ።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አለችና ጎንበስ ብላ ጻፈች። በአቶ እሸቴ መነጽር እየታገለች ቀስ ብላ ነው የጻፈችው። ከዚያ እንዲያነበው ደብተሩን መስታወቱ ላይ ለጠፈችለት።

ተጠሪ፦ መይሙና ሰዒድ። ዝምድና፦ እናት።